የፓሉስ ማይንድፉልነስ የ8 ሳምንት ኮርስ፦ ሳይጠሩት ለሚመጣ ሐሳብ ምን ያህል ይጠቅማል?

ፓሉስ ማይንድፉልነስ ማይንድፉልነስን፣ ማለትም አሁን የሚሆነውን ሳይፈርዱ በትኩረት ማስተዋልን የሚያለማምድ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ምንም ክፍያ የማይጠይቅ የ8 ሳምንት ኮርስ ነው። አዘጋጁ ዴቭ ፖተር የተባለ አሜሪካዊ አስተማሪ ሲሆን፣ ኮርሱ ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ የዋሽንግተንና የአይዳሆ ግዛቶች ከሚዋሰኑበት፣ ፓሉስ ከሚባለው ስንዴ አብቃይ አካባቢ ነው። የትምህርቱ አጽም ግን ከኢንተርኔት ዘመን ይቀድማል፤ ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር ከሰደደ ሕመም ጋር ለሚኖሩ ሰዎች የጀመረውን ሥልጠና የተከተለ ነው። እኔ የምገመግመው ከአንድ ጥያቄ አንጻር ብቻ ነው፦ ሳይጠሩት ጥልቅ እያለ የሚያስደነግጥና የሚያሳፍር ሐሳብ ለሚመላለስበት ሰው ይህ ኮርስ ምን ያህል ይጠቅማል? ጥያቄው የራሴ ስለነበር መልሱንም ከራሴ እጀምራለሁ።

የምንኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ በአርባ ቀኑ ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ፣ እሱን በግራ ክንዴ አቅፌ በቀኝ እጄ በረንዳው ላይ ጨርቅ ሳሰጣ ወደ ታች አየሁና «ብጥለውስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እጄ አልላላም፤ እንዲያውም ልጁን እስኪያለቅስ ድረስ ደረቴ ላይ አጣብቄ፣ ጉልበቴ እየተብረከረከ ወደ ቤት ገባሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁን ይዤ በረንዳ መውጣት ተውኩ፤ ባለቤቴ ሲጠይቀኝ «ብርድ ይመታዋል» እያልኩ አሳበብኩ። በሳምንቱ ሽንኩርት ስከትፍ ተመሳሳይ ሐሳብ ስለ ቢላዋው መጣ፤ ቢላዋዎቹን ሁሉ ሰብስቤ ከላይኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኳቸው። ልጁን ማጠብም ለብቻዬ አልደፍርም ነበር፤ ልታርሰኝ የመጣችው እናቴ ወደ አገሯ ልመለስ ባለች ቁጥር አንድ ምክንያት እየፈለግሁ አስቀራት ነበር። ለማንም ግን አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ነገር የምታስብ እናት ልጅ ሊሰጣት አይገባም የሚሉኝ፣ ልጄንም የሚወስዱብኝ ይመስለኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ የጤና ተቋም ውስጥ ለምትሠራ ባለሙያ ጉዳዩን በከፊል ነገርኳት። «አታስቢው፤ ራስሽን በሥራ ያዢ» አለችኝ። ልትረዳኝ እንደፈለገች አልጠራጠርም፤ አገሩ ሁሉ የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው። በቋንቋችን «አታስቢ» ማለት «አትጨነቂ» ማለትም ነው፤ ሐሳብና ጭንቀት በአንድ ቃል ስለሚጠሩ «ሐሳብ ገባት» ሲባል ተጨነቀች ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ምክሩ ሲሰጥ ሁለት ትእዛዞች አብረው ይሰጣሉ፦ ጭንቀቱን ተዪው፣ ሐሳቡንም አስወጪው። የመጀመሪያው በፈቃድ የሚሆን አይደለም፤ ሁለተኛው ደግሞ ነገሩን ያብሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ድቡ ትዝ ባላቸው ቁጥር ግን ደወል እንዲደውሉ ተደርጎ ነበር። ደወሉ ደጋግሞ ተሰማ። ከዚያም እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው፣ ቀድመው ሲከላከሉ የቆዩት ከመጀመሪያው ከተፈቀደላቸው ይልቅ ድቡን አብዝተው አሰቡት። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ አንድን ሐሳብ ለማባረር የቆመ ዘበኛ የሚያባርረውን ለመለየት የዚያን ሐሳብ መልክ ሁልጊዜ በእጁ መያዝ አለበት። እኔ ለአምስት ደቂቃ ሳይሆን ለወራት ዘበኛ ሆኜ ኖሬአለሁ።

ሌላው ሸክሜ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ማመኔ ነበር። ስታንሊ ራክማንና ፓድማል ዴ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት የታመሙ ሰዎችን አስጨናቂ ሐሳብ ከጤነኞች ሐሳብ ጋር ሲያነጻጽሩ በይዘቱ ብዙ ልዩነት አላገኙም፤ ልዩነቱ ሐሳቡ በሚመላለስበት ብዛት፣ በሚያስከትለው ጭንቀትና በቀላሉ ባለመለቀቁ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ሴራሊዮንንና እስራኤልን ጨምሮ በ13 አገሮች 777 ተማሪዎችን ጠይቆ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣባቸው 94 በመቶ ያህል መሆናቸውን አግኝቷል። ስለ አራሶች ደግሞ በካናዳ ተመራማሪዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ሆን ብሎ ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ሳይፈልጉት የመጣባቸው እናቶች ወደ ግማሽ እንደሚጠጉ ያሳያል። እነዚህን ያነበብኩት ከኮርሱ ውጭ ነው። ኮርሱን ለመጀመር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ቢያውቃቸው እመክራለሁ፤ እኔ ሳላውቅ በመጀመሬ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሐሳቤ እያፈርኩ ነው ያሳለፍኳቸው።

ወደ ኮርሱ ልመለስ። እያንዳንዱ ሳምንት የሚነበብ ጽሑፍ፣ የሚታዩ ቪዲዮዎችና በየቀኑ የሚሠራ ልምምድ አለው፤ ልምምዱ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ተማሪው የሠራውን በየቀኑ የሚመዘግብበት ቅጽም ተዘጋጅቷል። ቪዲዮዎቹ ጥቅል ይበላሉ፤ ልምምዶቹ ግን በድምፅ ብቻ የተቀዱ በመሆናቸው አንድ ጊዜ ወደ ስልክ ካወረዷቸው በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግም። እኔ ሁሉንም በአንድ ሌሊት አውርጄ ልጄ ጠዋት ሲተኛ እሠራ ነበር። ግማሽ ሰዓት ለአራስ ብዙ ነው። አንዳንድ ቀን ልምምዱን በሁለት ከፍዬ፣ አንዳንድ ቀንም እያጠባሁ ሠርቻለሁ፤ ኮርሱ በራስ ፍጥነት የሚሄድ ስለሆነ 8 ሳምንት የተባለውን በ13 ሳምንት ብጨርሰው የከለከለኝ አልነበረም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዘቢብ በእጅ ይዞ እያዩ፣ እያሸተቱና ቀስ ብለው እያኘኩ መብላት፣ እንዲሁም ተጋድሞ ትኩረትን ከእግር ጣት እስከ ራስ ቀስ በቀስ በመላ ሰውነት ላይ ማሳለፍ ይለመዳል። እኔ በዘቢቡ ፈንታ ቆሎ ተጠቀምኩ፤ አንዲት የገብስ ፍሬ በጥርስ መካከል ስትሰበር የሚሰማውን ያን ያህል ጊዜ ሰጥቼ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ይህ ሁሉ ከበረንዳው ሐሳብ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝምና በሁለተኛው ሳምንት ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። አሁን ሳየው መሠረቱ ያ ነበር፤ ትኩረቱን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ባለበት ማቆየት ያልለመደ ሰው በድንጋጤ ሰዓት ሐሳቡን ሊመለከት አይችልም።

ለእኔ የኮርሱ እምብርት ሦስተኛው ሳምንት፣ ስለ ሐሳብ የሚያስተምረው ክፍል ነው። በዚያ ሳምንት የያዝኩት ልምምድ ተቀምጦ የሚሠራ ሲሆን ከትንፋሽ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ሰውነት ስሜት፣ ከዚያ ወደ ድምፅ፣ ከዚያም ወደ ሐሳብ ይሸጋገራል። ሐሳብ ከድምፅ ቀጥሎ መምጣቱ ትልቅ ብልሃት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በእኛ ሕንጻ ጠዋት ላይ ጸጥታ የለም፤ ከወዲህ የቅዳሴው ዜማ፣ ከወዲያ የታክሲው ጥሩምባ፣ ከታች ደግሞ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ አለ። ያንን ጥሪ ስሰማ እኔ የጠራሁ አይመስለኝም፤ አሮጌ ዕቃ ባይኖረኝም ደንግጬ አልነሣም፤ «ለምን ዛሬ በእኛ በር አለፈ?» ብዬ ራሴን አልመረምርም። ጥሪው ይመጣል፣ ይጎላል፣ ከሕንጻው ጥግ ሲታጠፍ ይቀንሳል። ለጥቂት ቀናት ይህን ብቻ ካዳመጥኩ በኋላ መሪው ድምፅ ወደ ሐሳብ እንድሸጋገር ሲጠይቀኝ «ብጥለውስ?» የሚለው መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆራሌውን ጥሪ በሰማሁበት በዚያው ጆሮ ሰማሁት። አልጠፋም። ልቤም መምታቱን አላቆመም። ነገር ግን ከሐሳቡ ጋር አብሬ አልሮጥኩም፤ ተቀምጬ ነበር፣ ልጄም አጠገቤ ተኝቶ ነበር፣ ከታች ያለው ልጅም እየተጣራ ወደ ቀጣዩ ሕንጻ አለፈ።

ለሐሳቡ ስም መስጠት የሚባለው ዘዴም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። «ልጄን እጥለዋለሁ» ከማለት «‹ልጄን እጥለዋለሁ› የሚል ሐሳብ መጣ» ወደ ማለት መሸጋገር ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ልዩነት ነው፤ ሲኖሩት ግን የመጀመሪያው ዕቅድ፣ ሁለተኛው ወሬ ነው። አማርኛ ለዚህ የሚረዳ ነገር እንዳለው ያስተዋልኩት በዚህ ሳምንት ነበር። እኛ «ሐሳብ መጣብኝ»፣ «ሐሳብ ያዘኝ»፣ «ሐሳብ ገባኝ» እንላለን፤ በእነዚህ አባባሎች ውስጥ ባለቤቱ ሐሳቡ ነው፣ እኔ የመጣብኝ ነኝ። ቋንቋው አድራጊውን ከሚደረግበት ለይቶልኝ ሳለ እኔ ግን እንዳሰብኩት፣ እንዳቀድኩት፣ እንደፈለግሁት ቆጥሬ ራሴን ስከስ ኖሬአለሁ።

እዚህ ላይ አንባቢን ከአንድ ስሕተት ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ፤ እኔ ስድስት ሳምንት ያህል ከፍዬበታለሁ። ዘዴው ሲሠራልኝ ባየሁ ጊዜ ወዲያው መሣሪያ አደረግሁት። ሐሳቡ በመጣ ቁጥር «ሐሳብ ብቻ ነው፣ ሐሳብ ብቻ ነው» እያልኩ መደጋገም ጀመርኩ፤ በቀን ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ፤ ከአንገት እንደማይወልቅ ክታብ ሆነልኝ። ቃሉን ካልኩ በኋላ ሐሳቡ መሄዱን ለማየት መለስ ብዬ እፈትሻለሁ፤ ስፈትሽ ደግሞ ሐሳቡን ራሴ እጠራዋለሁ። በረንዳውን በመስኮት እያየሁ «አሁንስ ይመጣ ይሆን?» እላለሁ፤ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ኮርሱ ውሸት ነው ብዬ ደመደምኩ። በኋላ እንደተረዳሁት ያደረግሁት ነገር ዘበኛውን ልብስ ቀይሬ መልሶ በር ላይ ማቆም ነበር። መመልከት ማለት የሚመጣውን ማየት ነው፤ እኔ እያየሁ ሳይሆን መውጣቱን እየጠበቅሁ ነበር። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው፣ መለያውም ቀላል ነው፦ ሐሳቡ ባይሄድ ትናደጃለሽ ወይ? ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ አዎ ከሆነ እየተመለከትኩ አልነበረም።

ከዚህ ያወጣኝ አምስተኛው ሳምንት ነው። የዚህ ሳምንት ትምህርት አስቸጋሪ ስሜትን ከመሸሽ ይልቅ ፊትን ወደ እሱ ማዞርን ያለማምዳል። ሐሳቡን ትተው በሰውነት ውስጥ ያለውን ይፈልጋሉ፤ ጉሮሮዬ ላይ ማነቅ፣ ሆዴ ላይ እንደ ድንጋይ ያለ ክብደት፣ መዳፌ ላይ ላብ አገኘሁ። እነዚህን ለመለወጥ ሳይሞክሩ፣ ስፍራ ሰጥተው አብረዋቸው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባድ ስለነበሩ ድምፁን አጥፍቼ የተነሣሁበትም ቀን አለ። በአራተኛው ቀን ፍርሃቱ እንደ ምጥ ማዕበል እንዳለው አየሁ፤ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል፤ ካልተዋጉት የሚወርድበት ጊዜ ከገመትኩት አጭር ነበር። ደግሞም ከፍርሃቱ ሥር ያለውን ነገር አየሁ፤ ልጄን አብዝቼ እወደው ስለነበር ነበር ሐሳቡ ያን ያህል ያስደነገጠኝ። የጎረቤት ጀበና ስለ መስበር ቢመጣብኝ ኖሮ ረስቼው ባደርኩ ነበር።

የቀሩትን ሳምንታት ባጭሩ ልለፋቸው። ሁለተኛው ስለ ትኩረትና ስለ አንጎል፣ አራተኛው በውጥረት ጊዜ ደመ ነፍሳዊ ምላሽንና አስተውሎ መመለስን ስለ መለየት፣ ሰባተኛው ስለ ርኅራኄ ያስተምራሉ፤ ጥሩ ናቸው፣ ለእኔ ጉዳይ ግን ደጋፊ ብቻ ነበሩ። ራስን እንደ ተራራ አጽንቶ መቀመጥን የሚያለማምደውን ድምፅ እወደዋለሁ፤ ሳዳምጠው የማስበው በልጅነቴ ከአያቴ ቤት ደጃፍ የሚታየውን የጓሳ ተራራ ነበር። ስድስተኛው ሳምንት ግን ስለ ንግግርና ስለ መደማመጥ ሲሆን፣ ሳልጠብቀው ለእናቴ እንድናገር አደረገኝ። ቡና አፍልታ ሁለተኛውን ስትቀዳ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ በረንዳው፣ ስለ ቢላዋዎቹ፣ እሷንም ለምን እንደማስቀራት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እኔስ ልጄ፣ አንቺን አዝዬ ወንዝ ስወርድ ገደሉ አፋፍ ላይ ስደርስ እንዲህ ያለው ነገር ይመጣብኝ አልነበር? ሰይጣን ነው ብዬ አማትቤ አልፋለሁ» አለችኝ። ከዚያ የወንዙን መንገድ ትታ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ታዲያ ውኃ ከየት ሊቀዳ?» አለችኝ። ያለ ማንም ኮርስ ሐሳቡን በገደሉ አፋፍ ትታ ውኃዋን ቀድታ ትመለስ እንደነበር ሳውቅ፣ የእኔና የእሷ ልዩነት ግልጽ ሆነልኝ፤ እኔ በረንዳውን ትቼ ነበር።

ብዙ አንባቢዎች የሚያነሡት የሃይማኖት ጥያቄ አለ፤ እኔም አንሥቼዋለሁ። ካባት-ዚን ልምምዱን የወሰደው ከቡድሃ እምነት የተመስጦ ሥርዓት ሲሆን፣ ለሆስፒታል ሲያዘጋጀው ግን ከእምነቱ ለይቶ ነው። በኮርሱ ዋና ልምምዶች ውስጥ ጸሎት፣ ስግደት ወይም የአምላክ ስም አላገኘሁም፤ ትንፋሽን፣ ሰውነትን፣ ድምፅንና ሐሳብን ማስተዋል ነው። ይሁን እንጂ እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ የልምምዱ ምንጭ ሳይሆን የሐሳቡ ኃጢአትነት ነበር፤ በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር የሚሠራ ኃጢአት እንዳለ እየሰማን ነው ያደግነው፣ እኔም በሐልዮ ልጄን እንደገደልኩ እቆጥር ነበር። ንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «ፈቃድሽ አለበት ወይ፣ ልጄ?» አሉኝ። የለበትም አልኳቸው። «ታዲያ የመጣብሽን ካደረግሽው ጋር ለምን ታስተካክያለሽ? ደጅ የቆመ ሁሉ ገብቶ አይቆጠርም» አሉኝ። ሙስሊም ጎረቤቴም ይህን በእነሱ ዘንድ ወስዋስ እንደሚሉትና፣ ሰው ካልተናገረው ወይም ካልሠራው በልቡ በሚንሾካሾክበት ነገር እንደማይጠየቅ ከልጅነቷ እንደተማረች ነገረችኝ። ኮርሱ በእንግሊዝኛ የሚለውን ነገር ሁለቱም በራሳቸው ቋንቋ ያውቁታል፤ ልምምዱን ከእምነቴ ጋር ሳላጋጭ ለመቀጠል የረዳኝም ይህ ነው።

አሁን ስለ ድክመቱ፣ ወይም ይበልጥ በትክክል ስለማይሰጠው ነገር። ኮርሱ በቀጥታ የሚከታተል አስተማሪ የለውም። ከላይ የተናገርኩትን ስሕተት አንድ አስተማሪ በአሥር ደቂቃ ሊያሳየኝ ይችል ነበር፤ ብቻዬን ስለነበርኩ ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። የሥልጠናውን ውጤታማነት የሚጠቅሱ ሰዎችም ይህን ልዩነት ልብ ሊሉት ይገባል። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኤልዛቤት ሆጅ መሪነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ይፋ የሆነ ጥናት፣ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ጎልማሶች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ካባት-ዚን የጀመረው የ8 ሳምንት ሥልጠና ኤሲታሎፕራም ከተባለው መድኃኒት እንደማያንስ አሳይቷል። ነገር ግን በዚያ ጥናት ሥልጠናው የተሰጠው ከአስተማሪ ጋር በክፍል ውስጥ ነበር፤ የተጠኑት የጭንቀት ሕመሞችም ኦሲዲ የሚባለውን፣ ማለትም በማይፈለግ ሐሳብና ሐሳቡን ለማርገብ በሚደጋገም ድርጊት ሰውን የሚያስረውን ሕመም፣ አይጨምሩም። ስለዚህ ውጤቱን እንዳለ አንሥቶ ብቻውን በስልክ ለሚማርና አስጨናቂ ሐሳብ ለያዘው ሰው ማውረድ አይቻልም።

ኦሲዲ የራሱ ሕክምና አለው። ዋነኛው የሚፈሩትን ነገር ደረጃ በደረጃ እየተጋፈጡ ማረጋገጫ መፈለግን፣ መፈተሽንና መሸሽን መተው የሚለማመዱበት ነው፤ መድኃኒትም ይረዳል። እኔ ከኮርሱ አጋማሽ በኋላ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ቢላዋዎቹን ወደ ቦታቸው የመለስኩት፣ ልጄንም አቅፌ በመጀመሪያ በበረንዳው በር፣ ከዚያ በመካከሉ፣ በመጨረሻም በአጥሩ አጠገብ የቆምኩት በእሱ ምክር ነው። ያን ጊዜ የኮርሱ ጥቅም በሙሉ ታየኝ። ሐኪሙ «ፍርሃቱ ይምጣ፣ አታባርሪው» ሲለኝ ምን ማለቱ እንደሆነ አስቀድሜ በሰውነቴ አውቀው ነበር። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል ሐኪሙን እመርጣለሁ፤ ሁለቱን ማግኘት ለሚችል ሰው ግን ኮርሱ ሕክምናውን የሚያቀልል ጥሩ ዝግጅት ነው።

ፈጽሞ በኮርስ የማይታለፍ ሁኔታም አለ። እኔን የገጠመኝ ሐሳብ ያስደነግጠኝና ያሸሸኝ ነበር። አንዲት አራስ ግን ሐሳቡ ትክክል መስሎ ከታያት፣ የሚያዝዛት ድምፅ ከሰማች፣ ሕፃኑ ሌላ ፍጡር ሆኖ ከታያት፣ ወይም ለቀናት እንቅልፍ አጥታ ነገር ከተምታታባት፣ ይህ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ አጣዳፊ ሕመም ነው፤ ቤተሰብም ሕፃኑንና እሷን ብቻቸውን ሊተዋቸው አይገባም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰውም እንዲሁ። በአዲስ አበባ አማኑኤልን የመሰሉ ሆስፒታሎች ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። ከባድ አደጋ ወይም ጥቃት የደረሰበት ሰውም ዓይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ መቀመጡ ያለፈውን ሊቀሰቅስበት ስለሚችል፣ ብቻውን ባይጀምር ይሻላል።

ለእኛ አገር ሰው ትልቁ መሰናክል ቋንቋው ነው። እኔ እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ቢሆንም ዓይኔን ጨፍኜ በፍርሃት መካከል በሌላ ሰው ቋንቋ መመራት አድካሚ ነበር፣ ለመረዳት የማደርገው ጥረት ራሱ ከልምምዱ ያወጣኝ ነበር። ከታች ባለው ፎቅ የምትኖር፣ በቅርቡ የወለደች ጎረቤቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አትሰማም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆማ ያለ ምክንያት ስታለቅስ አግኝቻት ስንጫወት፣ ቢላዋ ማየት እንዳስጠላት ነገረችኝ። እኔ የሄድኩበትን ሐኪም አሳየኋት፤ ከዚያም የሦስተኛውን ሳምንት ልምምድ አካሄድ በራሴ ቃላት በአማርኛ አዘጋጅቼ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል በስልኬ ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁላት።

ሥራው ከገመትኩት በላይ ከበደኝ። «አስተውዪ» ስል ትእዛዝና ተግሣጽ ይመስላል፤ «ተመልከቺ» ስል ዓይንን ይጠራል፤ «ልብ በዪ» የሚለው ለስለስ ስለሚል እሱን መረጥኩ። «ሐሳቡ ይሂድ» የሚለውን ግን ሆን ብዬ አወጣሁት፤ ያንን የሰማ ሰው መሄዱን መጠበቅ ይጀምራልና። በእሱ ፈንታ «ሐሳቡ ቢኖርም፣ ባይኖርም፣ የልጅሽን ትንፋሽ ስሚ» አልኩ። ሦስት ቀን ከሰማችው በኋላ በቃላቱ መካከል ያለው ዝምታ እንዳጠረባት ነገረችኝ፤ አንዱን ስትይዝ ሌላው እንደሚደርስባት። አሁን ዝምታውን አርዝሜ እንደገና እየቀዳሁት ነው።